መተንፈሻ ማሽኑ እስከ መቼ?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ የሚጠብቅ ቤተሰብ ከሐኪም አፍ ከሚሰማቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው «እንቀጥል ወይስ እናቁም?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አጠያየቁ ራሱ ስለሚበላሽ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄው ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ፣ ቢዮርን ኢብሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም መተንፈስ ያቃታቸውን ሕሙማን ጉሮሮ በስተው ቱቦ በማስገባት፣ አየር በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት እንዲሰጣቸው አደረጉ። የሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ ጨመቁ፤ ይሞታሉ የተባሉ ብዙዎችም ተረፉ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚህ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽን ማስቀጠል የሰው ሥራ ሲሆን፣ ማቆሙም የሰው ውሳኔ ሆነ።

ውሳኔውን በግልጽ ለዓለም ያሳየው የካረን አን ክዊንላን ጉዳይ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ ራሷን ስታ ስትወድቅ 21 ዓመቷ ነበር። ወራት አልፈው የመንቃት ተስፋ እንደሌላት ሲነገራቸው፣ አጥባቂ ካቶሊክ የሆኑት ወላጆቿ ማሽኑ እንዲነቀል ጠየቁ፤ ሐኪሞቹ እምቢ አሉ። አባቷ ፍርድ ቤት ሄዱ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 የፈቀደላቸው፣ ልጃቸው መናገር ብትችል ምን ትመርጥ እንደነበር እሳቸው ሊመሰክሩላት ይችላሉ ብሎ ነው። ማሽኑ ሲነቀል ግን ካረን በራሷ ተነፈሰች፤ በቱቦ እየተመገበች እስከ 1985 ቆየች። ወላጆቿ ምግቡ ይቁም አላሉም። የጠየቁት ሞቷን ሳይሆን፣ ማሽኑ እንዲተዋት ነበርና። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚነካኝ ይኸው ነው።

ከፍርዱ እንደምንማረው፣ «ልጆቹ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ስሕተት ነው። የትኛው ልጅ ነው «አባቴ ይሙት» የሚል? ትክክለኛው «አባታችሁ አሁን ቢናገሩ ምን ይሉ ነበር?» የሚለው ነው። ያን ጊዜ ልጁ ፈራጅ መሆኑ ይቀርና የአባቱን ቃል አድራሽ ይሆናል። ሕክምናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ፍርድ የሐኪሙ ነው፤ በቤተሰብ ትከሻ ላይ መጣል የለበትም።

ብዙ የሕክምና ሥነ ምግባር ምሁራን ማሽኑን መጀመሪያውኑ አለመግጠምና ከገጠሙ በኋላ መንቀል በሥነ ምግባር ልዩነት የላቸውም ይላሉ። ልብ ግን ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በእስራኤል፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ይህን ስሜት አክብሮ፣ ለሞት ለተቃረበ ሰው የተገጠመለትን ማሽን ማጥፋት ከልክሏል፤ ነገር ግን በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ማሽን ተገጥሞ ጊዜው ሲያበቃ አለማደስን ፈቅዷል።

በኢትዮጵያ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ አልጋውም ማሽኑም ጥቂት ስለሆነ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ደጅ ይቀራል። ማን ይግባ የሚለው በዘመድ ብርታት ወይም በስልክ ጥሪ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በተጻፈና ለሁሉም በሚታይ መመሪያ መወሰን አለበት። ቢቻል የሚወስነውም ሕመምተኛውን ከሚያክመው ሐኪም የተለየ ሰው ይሁን፤ አንድ ሰው የታማሚው ጠበቃም ዳኛም መሆን አይችልምና።

ጥርጣሬ ሲኖር ጥሩ መውጫ አለ። ሐኪሙና ቤተሰቡ ተቀምጠው ለተወሰኑ ቀናት ሙሉ ሕክምና እንዲሰጥ ይስማማሉ፤ ምን ከታየ እንደሚቀጥል፣ ምን ከታየ እንደሚቆም አስቀድመው ይነጋገራሉ፤ የኦክስጅን ፍላጎቱ ቀነሰ ወይ? ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል ወይ? ቀኑ ሲደርስ ዳግም ይገናኛሉ። ማሽኑ ቢነሳም ሕመም ማስታገስ፣ ማጠብ፣ አፍ ማርጠብና የንስሐ አባት ማስጠራት አይቋረጥም። «ከእንግዲህ የምናደርገው የለም» የሚል ሐኪም ተሳስቷል።

አሜሪካ ያለ አንባቢ ሦስት ነገር ይወቅ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሎች አዋቂ ታካሚን፣ ራሱን ቢስት የሚናገርለትን ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ የመሰየም መብት እንዳለው እንዲነግሩት ያዛል። አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅም መብት ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእናቱን መርዶ እንዲተረጉም አይደረግም። ሐኪሙና ቤተሰቡ ካልተግባቡ ደግሞ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲጠራ መጠየቅ ይቻላል፤ ነርሷም ልትጠይቅ ትችላለች።