በፏፏቴው አናት ላይ የቆመው የራስ ዳርጌ ድልድይ

ወታደር ስለ መንገድ ሲያወራ ዘወትር የሚያነሣው ርዝመቱንና ድካሙን ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ግን በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ የሚወስድ፣ ስንቅም ብርታትም የማይጠይቅ አጭር መንገድ ነው። መንገዱ የሚያደርሰው በሰላሌ ምድር፣ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሥር አልፎ ወደ ገደል ከሚወረወር ትንሽ ፏፏቴ ዘንድ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን የጎጃምን አውራ ጎዳና በመያዝ እንጦጦን ወጣን። ሱሉልታን፣ ጫንቾንና ሙከ ጡሪን አልፈን ደብረ ጽጌን ስንሻገር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ነበር። ወሩ ጥቅምት ስለ ነበር በወተቱ የታወቀው የሰላሌ ሜዳ ገና ልምላሜውን አልለቀቀም፤ ከብቶቹም እስከ ጉልበታቸው ሣር ውስጥ ቆመው ይግጡ ነበር። ለመንገደኛ ይህ ሜዳ መጨረሻ የሌለው ይመስለዋል። ወደ ገዳሙ በሚያስገባው መንገድ ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ምድሪቱ በድንገት ትቆረጥና ከፊት ለፊት ሰፊ ሸለቆ ይዘረጋል። ከመኪና ወርደን በእግር የጀመርነውም ከዚሁ ከገደሉ አፋፍ ነው።

የእግር መንገዱ ቁልቁለት ይሁን እንጂ የሚያስቸግር አይደለም። ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከፊታችን ሲወርዱ አይተናል፤ የጭነት አህያ የሚነዳ ገበሬም ከታች ሲመጣ አጋጥሞናል። ከመንገዱ ዳር የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር እየነቀለ ይበላ ነበር። ጭላዳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ምድር ብቻ ሲሆን፣ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ቀን ሜዳ ላይ ሲግጥ ይውልና ሌሊቱን ጠላት በማይደርስበት የገደል ገጽ ላይ ያሳልፋል። የማደሪያ ቦታ አመራረጡን አብረውን የነበሩት የሠራዊት አባላት በአድናቆት ተመልክተውታል።

ጥቂት ዝቅ እንዳልን ድልድዩ ታየን። ባለ ቅስት፣ ከድንጋይና ከኖራ የታነጸ፣ ለእግረኛና ለከብት የሚበቃ ጠባብ ድልድይ ነው። ከሥሩ የሚያልፈው የጉር ወንዝ ከሜዳው በዝግታ መጥቶ በቅስቶቹ ውስጥ ይሾልክና ጥቂት ሳይርቅ ከገደሉ ጫፍ ይወረወራል። ውኃው እንደ ጢስ እሳት ግርማ የለውም፤ ቀጭን ነጭ መጋረጃ ሆኖ ይወርድና ከታች ካለው ጥልቀት ይሰወራል። በክረምት ጎርፍ ሲጨምር ያገሣል፤ በጋው ሲጠና ደግሞ እጅግ ይመነምናል። ስለዚህ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው የሚጠነክርበት የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ለጎብኚ የተመቸ ነው።

ከእኛ መካከል አንድ ወጣት ወታደር የእጅ ስልኩን ይዞ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ውኃው ጫፍ ጠጋ አለ። ድንጋዩ እርጥብና ሽበት ያበቀለ ስለ ነበር እግሩ ከዳው፤ በአንድ ጉልበቱ ወድቆ በእጁ ሣር ጨበጠ። ከድልድዩ ራስ ላይ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ «አንተ ልጅ! ሳትነሣ ወደ ኋላህ ተሳብ!» ብለው በታላቅ ድምፅ አዘዙት። ወጣቱም የአዛዡን ትእዛዝ እንደ ሰማ ሁሉ በሆዱ እየተሳበ ተመለሰ። ከጫፉ የቀረው ርቀት ከሁለት እርምጃ አይበልጥም ነበር። ስልኩ ግን ከውኃው ጋር ሄደ።

ሽማግሌውን አመስግነን አጠገባቸው ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ «አባት፣ ይህን ድልድይ ፖርቱጋሎች ሠሩት ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ድልድዩ አመለከቱና «ልጆቼ፣ እኛ የዳርጌ ድልድይ ነው የምንለው። ከከተማ የሚመጣው ሰው ነው የፖርቱጋል የሚለው» ብለው መለሱ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ነገሩ በታሪክም ቢመረመር የሚጸናው የሽማግሌው ቃል ነው። በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች ወደ አገራችን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1541 ነው። በኋላም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ ከጢስ እሳት በታች በዓባይ ላይ የአላታ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ የድንጋይ ቅስት ባየ ቁጥር የፖርቱጋል ሥራ ነው ማለትን ለመደ። የደብረ ሊባኖሱ ድልድይ ግን የታነጸው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ያሠሩትም የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1900 ያረፉት ራስ ዳርጌ ናቸው። ኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ከተባረሩ በዚያን ጊዜ ከሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ አልፎ ነበር።

ስለ ግንባታው የሚነገር ሌላም ወሬ አለ፤ ኖራው ከሰጎን እንቁላል ጋር ተለውሶ ነው ይባላል። ሰጎን የቆላ ወፍ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ እንቁላል እስከዚህ ደጋ ማን ተሸክሞ አመጣው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የእንቁላሉ ነገር እውነትም ይሁን ተረት፣ ድንጋዩን ፈልጦ፣ ተሸክሞ፣ ኖራውን አቡክቶ ያቆመ ሠራተኛ እንደ ነበረ ግን አያጠራጥርም። ስሙ በድልድዩ ላይ አልተጻፈም። ሥራው ለባዕድ ሲሰጥ ደግሞ ያ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይረሳል። ምሽግ የቆፈረ፣ መንገድ የጠረገ ወታደር ይህ ስሜት ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ተነሥተን በድልድዩ ላይ ተራ በተራ ተሻገርን። ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሲመለከቱት የገደሉ አሠራር ይበልጥ ይገለጣል። የላይኛው ዐለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ የወጣና የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ወንዞች ይህን ደጋ በዘመናት ብዛት ቆርጠው ሸለቆውን አጠለቁት፤ ትንሹ ጉር ግን እኩል መቁረጥ ስላልቻለ ከአፋፉ ላይ መዝለል ግድ ሆነበት። ከዚህ የወደቀው ውኃ በሸለቆው ወርዶ ከጀማ ወንዝ፣ በጀማም በኩል ከዓባይ ይቀላቀላል። ከበላያችን ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይንሳፈፉ ነበር፤ አንዳንዶቹንም ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል ተመለከትናቸው።

ይህን ስፍራ ለመጎብኘት ለሚያስቡ የሠራዊት አባላትና የከተማ ነዋሪዎች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ጠዋት መሄድ ይበጃል፤ ከቀትር በኋላ ደመናና ጭጋግ ሸለቆውን ሊሸፍነው ይችላል። ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያስፈልጋል። ሕፃናት እጃቸው ይያዝ። ፏፏቴውን ከድልድዩና ከማዶው ሜዳ ሆኖ ማየት ይቻላልና ወደ እርጥቡ ድንጋይ መውረድ ፈጽሞ አያሻም። ለጭላዳዎች ምግብ መወርወር፣ ከአሮጌው ግንብም ድንጋይ መነቅነቅ አይገባም።

ስንመለስ ከሩብ ሰዓት ጥቂት አለፍ ያለ ጊዜ ወሰደብን፤ ዳገት ነውና። ስልኩ የጠፋበት ወጣት ጉልበቱን እያሻሸ ከኋላ ይከተለን ነበር። ከመኪናው ዘንድ ስንደርስ አንድ ከከተማ የመጣ ቤተሰብ አገኘን፤ የቤተሰቡም አባት «የፖርቱጋል ድልድይ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከሁላችንም ቀድሞ መልስ የሰጠው ያ ወጣት ነበር። «የራስ ዳርጌ ድልድይ በዚህ በኩል ነው፤ ስትደርሱ ከጫፉ ራቁ» አላቸው።