ውጤት ምክንያቱን ሲቀድም፦ የሞተር መቆጣጠሪያ ቅጽበታዊ ልኬትና ካሊብሬሽን በመፈተሻ መድረክ ላይ

1. መነሻ

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ በሞተር መፈተሻ ክፍል ያጋጠመኝ አንድ ግራፍ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ሥራዬ ከአንድ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር መረጃ እሰበስብ ነበር። የሞተሩን ቶርክ የመድረኩ መቅጃ ይመዘግባል፤ የአየር ማስገቢያውን በር መከፈትና መዘጋት ደግሞ ከሞተር መቆጣጠሪያው ጋር የተገናኘ ላፕቶፕ ለብቻው ይመዘግባል። ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ሠንጠረዥ አጋጥሜ ስስላቸው የአየር በሩ ከመከፈቱ በፊት ቶርኩ ሲጨምር ታየ። ውጤቱ ምክንያቱን ቀደመ ማለት ነው። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽሁ፤ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ቁጥሮቹ የተመዘገቡበት ሰዓት ነበር።

ስሕተቱ ባይታወቅ ኖሮ በዚያ መረጃ ላይ የተመሠረተ የነዳጅ ማስተካከያ ነዳጅን በተሳሳተ ቅጽበት እንዲጨምር ያደርግ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመፈተሻ መድረክ ላይ የሞተር መቆጣጠሪያ በሥራ ላይ እያለ እንዴት እንደሚለካና እንደሚስተካከል ማስረዳት፣ በዚህም ሂደት ጊዜ ከልኬቱ የማይነጠል አካል መሆኑን ማሳየት ነው።

2. የቃሉ ትርጉምና የመቆጣጠሪያው ሥራ

በሥነ ልክ ሙያ ካሊብሬሽን ማለት አንድን መለኪያ መሣሪያ ከታወቀ ማመሳከሪያ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ማወቅ ነው። በሞተር ቁጥጥር ዘርፍ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዟል። ፕሮግራሙን ሳይቀይሩ፣ ፕሮግራሙ የሚመራባቸውን ቋሚ ቁጥሮች፣ ኩርባዎችና ሠንጠረዦች ለአንድ የተወሰነ ሞተር እንዲስማሙ አድርጎ መወሰን ማለት ነው። አንድ ዓይነት ፕሮግራም በተለያዩ ሞተሮች ላይ ሊሠራ የሚችለው በእነዚህ ቁጥሮች አማካይነት ነው።

ለምሳሌ የካንዴላው ብልጭታ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት የሚወስነው በሞተሩ ፍጥነትና ጭነት የሚነበብ ሠንጠረዥ ነው። ብልጭታው ከዘገየ ኃይል ይባክናል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። እጅግ ከቀደመ ደግሞ ገና ያልተቃጠለው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። ማንኳኳቱ ሳይገታ ከቀጠለ ፒስተኑን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሞተሩን ከዳይናሞሜትር ጋር አጋጥሞ በተፈለገው ፍጥነትና ጭነት ይይዘዋል፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለም የመቆጣጠሪያውን ውስጣዊ እሴቶች ያነባል፣ ሠንጠረዦቹንም ያርማል። የእነዚህን ሁለት ተግባራት፣ ማለትም የማንበብንና የመጻፍን፣ ጠባይ በተራ እንመልከት።

3. ማንበብ፦ በጥያቄ ወይስ በቀጠሮ

ቀላሉ የማንበቢያ መንገድ ጥያቄና መልስ ነው። ላፕቶፑ የአንድን ተለዋዋጭ እሴት ይጠይቃል፤ መቆጣጠሪያው ሲመቸው ይመልሳል፤ ላፕቶፑም መልሱ በደረሰበት ሰዓት ይመዘግበዋል። ይህ መንገድ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ሙቀት ላሉ ቀስ ብለው ለሚለወጡ እሴቶች ይበቃል። ለፈጣን እሴቶች ግን አደገኛ ነው።

በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ አንድ ሙሉ የሥራ ዑደት ለመጨረስ 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። አራት ሲሊንደር ካለው በየ10 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ብልጭታ ይወጣል። ላፕቶፑ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ የሚጠይቅ ቢሆን በሁለት ተከታታይ ንባቦች መካከል የብልጭታው ተራ በ10 እርምጃ ይገፋል። የማቀጣጠል ተራው 1-3-4-2 ከሆነና ፍጥነቱ ከጸና የሚነበቡት የ1ኛውና የ4ኛው ሲሊንደር እሴቶች ብቻ ይሆናሉ። 3ኛው ሲሊንደር ቢያንኳኳና መቆጣጠሪያው ለእርሱ ብልጭታውን ቢያዘገይለት እንኳ ፋይሉ ላይ ምንም ምልክት አይታይም። በተግባር ፍጥነቱ ፍጹም ስለማይጸና ንባቡ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ በዚህም በሞተሩ ውስጥ የሌለ ዝግተኛ መወዛወዝ በግራፉ ላይ ይፈጠራል።

ሁለተኛው መንገድ በቀጠሮ ማንበብ ሊባል ይችላል። በዚህ መንገድ የሚፈለጉት ተለዋዋጮች ዝርዝር ከሙከራው በፊት ለመቆጣጠሪያው ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። መቆጣጠሪያው አንድን የስሌት ተግባር በጨረሰ ቁጥር፣ ለምሳሌ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ወይም ክራንክሻፍቱ የተወሰነ ዲግሪ በዞረ ቁጥር፣ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን እሴቶች በአንድ ጊዜ ገልብጦ፣ በራሱ ሰዓት ማኅተም አድርጎ ይልካቸዋል። መልእክቱ በመንገድ ቢዘገይም ማኅተሙ እሴቱ የተወለደበትን ቅጽበት ይናገራል። በአንድ ቅጽበት የተገለበጡ እሴቶችም የአንድ ስሌት ቤተሰብ ናቸው፤ የዚህኛው ዑደት ጭነት ከቀጣዩ ዑደት ብልጭታ ጋር አይቀላቀልም።

ይህን አሠራር በወል ቋንቋ የደነገገው አሳም የተባለው የመኪና ኢንዱስትሪ የመለኪያ ደረጃዎች ማኅበር ነው። ቀዳሚው ሲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ለካን የመረጃ መሥመር ብቻ የተዘጋጀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤክስሲፒ ግን የትእዛዙን ቋንቋ ከማጓጓዣው መሥመር ለይቶ በካን፣ በኢተርኔት፣ በዩኤስቢና በሌሎችም እንዲሠራ አስችሏል።

የመሥመሩ አቅም ግን ወሰን አለው። ነባሩ ካን በአንድ መልእክት ከ8 ባይት በላይ አይሸከምም። በሰከንድ 500 ኪሎ ቢት በሚያስተላልፍ መሥመር አንድ ሙሉ መልእክት 125 ቢት ገደማ ይወስዳል ብንል በሰከንድ የሚያልፉት 4,000 ያህል ይሆናሉ። ከ8ቱ ባይት አንዱ ለመለያ ይውላል፤ ስለዚህ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ የሚላከው መረጃ፣ መሥመሩን ሌላ ማንም ባይጠቀምበትና ለሰዓት ማኅተሙ የሚሆነውን ቦታ ባንቆጥር እንኳ፣ ከ40 መልእክት ወይም ከ280 ባይት አይበልጥም። ሁሉንም ተለዋዋጭ በፈጣኑ ቀጠሮ መጠየቅ ስለዚህ አይቻልም። የትኛው እሴት በየትኛው ቀጠሮ ይነበብ የሚለው ምርጫ የጥናቱ ንድፍ አካል ነው።

4. መጻፍ፦ ማንም ያልነደፈው ሠንጠረዥ

የመቆጣጠሪያው ሠንጠረዦች በመደበኛው አሠራር በፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፍላሽ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ እንደ ልብ አይጻፍበትም። በካሊብሬሽን ጊዜ ስለዚህ ሁለት ገጾች ይዘጋጃሉ። አንዱ በፍላሽ ያለው የማመሳከሪያ ገጽ ነው፤ ሌላው የእርሱ ግልባጭ ሆኖ በራም የሚቀመጠው የሥራ ገጽ ነው። መሐንዲሱ የሥራ ገጹን ያርማል፤ ውጤቱ ካላማረው በአንድ ትእዛዝ ወደ ማመሳከሪያው ይመለሳል።

ጊዜ እዚህም ይገባል። የብልጭታ ሠንጠረዥን በሙሉ መለወጥ ቢያስፈልግና ቁጥሮቹ ሞተሩ እያነበባቸው አንድ በአንድ ቢጻፉ፣ በመካከሉ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ሠንጠረዥ ይኖራል። ይህን ሠንጠረዥ ማንም አልነደፈውም፤ ሞተሩ ግን ለጥቂት ዑደቶች ይታዘዝለታል። በከፍተኛ ጭነት ላይ ጥቂት ዑደቶች ቀላል አይደሉም። ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ሞተሩ የማያነበውን ገጽ አስቀድሞ መሙላት፣ ከዚያም ገጹን በአንድ ጊዜ መቀየር ነው።

ሌላው አደጋ አድራሻ ነው። የመቆጣጠሪያው ማኅደረ ትውስታ ለላፕቶፑ የባይቶች ተራ ብቻ ነው። የትኛው ባይት ምን እንደሆነና በምን ቀመር ወደ ዲግሪ ወይም ወደ ኪሎ ፓስካል እንደሚለወጥ የሚነግረው ኤ2ኤል የተባለው መግለጫ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ታድሶ መግለጫው ካልታደሰ የሚነበበው ቁጥር የሌላ ተለዋዋጭ ሊሆን ይችላል፤ የሚጻፈውም በሌላ ቦታ ያርፋል። ከሁሉ የሚከፋው ቁጥሩ አሳማኝ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከሙከራ በፊት በፋይሉና በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው የሥሪት መለያ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ስለዚህ ግዴታ ነው።

5. ሁለት ሰዓቶች

በመቆጣጠሪያው ሰዓት የታተመ መረጃ እንኳ ከመድረኩ መረጃ ጋር ሲጋጠም ችግሩ አያበቃም። ሁለቱ መሣሪያዎች ሁለት ሰዓት አላቸው። የኳርትዝ ሰዓቶች እርስ በርሳቸው በሚሊዮን 50 ክፍል ያህል ቢለያዩ በየሰከንዱ 50 ማይክሮ ሰከንድ ይራራቃሉ። በግማሽ ሰዓት ሙከራ ልዩነቱ 90 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ይህ በ3,000 ዙር ከሁለት ሙሉ የሥራ ዑደት በላይ ነው። ሙከራው ሲጀመር ሁለቱን ፋይሎች አንድ ጊዜ ማጋጠም የማይበቃው ለዚህ ነው።

መፍትሔው እንደ አቅም ይለያያል። የተሟላ መድረክ በኢተርኔት ላይ የሰዓት ማመሳሰያ ደረጃ የሆነውን አይትሪፕልኢ 1588ን ይጠቀማል። ይህ ለሌለው ቤተ ሙከራ ርካሽ መንገድ አለ። አንድን ምልክት፣ ለምሳሌ የሞተሩን ፍጥነት፣ በሁለቱም መቅጃዎች መመዝገብ፤ በሙከራው መጀመሪያና መጨረሻ ፍጥነቱን ሆን ብሎ በድንገት መለወጥ፤ በሁለቱ ለውጦች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት በስሌት አግኝቶ በመካከሉ ማከፋፈል። የእኔ ፋይሎች የታረሙት በዚህ መንገድ ነው።

6. የሞተሩ የራሱ መዘግየት

ሰዓቶቹ ከተስማሙ በኋላ የሚቀረው መዘግየት የተፈጥሮ ነው። የተረጨ ነዳጅ ወደ ሲሊንደር ገብቶ፣ ታምቆ፣ ተቃጥሎ እስኪወጣ አንድ የሥራ ዑደት ያህል ይወስዳል። በደቂቃ 750 ዙር ይህ 160 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ በ6,000 ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያም ጋዙ በጭስ ማውጫው ተጉዞ ኦክስጅን ሴንሰሩ ዘንድ ይደርሳል፤ ሴንሰሩም የራሱ የምላሽ ጊዜ አለው። ጋዙን በሞቀ ቱቦ ስቦ የሚመረምረው የመድረኩ መሣሪያ ደግሞ በሰከንዶች ይዘገያል።

በጸና ፍጥነትና ጭነት ይህ ሁሉ ብዙ አይጎዳም፤ ሞተሩ እስኪረጋ ጠብቆ አማካይ መውሰድ ይቻላልና። በአሁኑ ዘመን ግን የልቀት ፈተናው ራሱ ፍጥነት በሚዋዥቅበት ሁኔታ ይካሄዳል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደብሊውኤልቲፒ የተባለው የፈተና ዑደት ከቀደመው ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ በ100 ሚሊ ሰከንድ የተዛነፈ መረጃ ትክክለኛውን የነዳጅ መጠን ለተሳሳተው ዑደት ያስረክባል። ድብልቁ በመጀመሪያ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ይበዛል፤ ጭስ ማጣሪያው ካታሊስትም በሚገባ ከሚሠራበት ጠባብ የድብልቅ ወሰን ይወጣል።

7. የቦታ ማኅተም

ከጊዜ ማኅተም ጎን ለጎን በአገራችን የማይዘለል ሌላ ማኅተም አለ፤ እርሱም የከባቢ አየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በባሕር ወለል 101.3 ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲፈተን የሠንጠረዡን የከፍተኛ ጭነት ረድፎች ከነጭራሹ አይደርስባቸውም። ኃይልን ወደ ማመሳከሪያ ሁኔታ የሚመልሰው አይኤስኦ 1585 ለማረሚያ ብዜቱ ከ0.93 እስከ 1.07 ያለውን ወሰን ያስቀምጣል። ለቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ግፊት ሲሰላ ብዜቱ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ 1.35 ገደማ ይሆናል። ይህ ከወሰኑ እጅግ ያልፋል። ስለዚህ “የታረመ ኃይል” ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ማቅረብ አይበቃም፤ ግፊቱና ሙቀቱ፣ እንዲሁም ያልታረመው እሴት አብረው መቅረብ አለባቸው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው ለተመራማሪ የሚጠቅሙ አምስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ፈጣን እሴቶች በጥያቄ ሳይሆን በቀጠሮ፣ በመቆጣጠሪያው ሰዓት ታትመው ይነበቡ። ሁለተኛ፣ የመግለጫው ፋይልና የፕሮግራሙ ሥሪት መስማማታቸው ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ትላልቅ ለውጦች በማይነበበው ገጽ ተጽፈው በአንድ ጊዜ ይቀየሩ። አራተኛ፣ የሁለቱ መቅጃዎች ሰዓት በመጀመሪያም በመጨረሻም ይመሳከር። አምስተኛ፣ የመዘግየት እርማት በግልባጩ ላይ ብቻ ይሠራ፤ የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ ከግፊትና ከሙቀት መዝገቡ ጋር ይቀመጥ።

እነዚህ እርምጃዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ አብዛኞቹ የሚጠይቁት ከሙከራው በፊት የግማሽ ቀን ዝግጅት ነው። የእኔን ግራፍ በዚህ መንገድ ዳግም ስስለው የአየር በሩ ቀድሞ ቶርኩ ተከተለ። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት የመቅጃዎቹ ሳይሆን የሞተሩ ነበር። ልለካው የሄድሁትም እርሱን ነው።