ትምህርትን ማቋረጥና የተማሪው የገንዘብ ርዳታ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ርዳታ የሚያገኝ ተማሪ፣ ገንዘቡ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ቢከፈልለትም፣ የራሱ የሚሆነው ቀን በቀን ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ላይ በ1998 በተደረገው ማሻሻያ የገባ ሲሆን፣ የዚያ አገር ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆኑትን የኢትዮጵያውያን ልጆችም ይመለከታል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ግን ከመነሻውም የዚህ ርዳታ ተካፋይ አይደለም።

ተማሪው እስካቋረጠበት ዕለት ያሉት ቀናት ለሴሚስተሩ ጠቅላላ ቀናት ይካፈላሉ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚቆይ ዕረፍት አይቆጠርም። ውጤቱ ከ60 በመቶ ካለፈ ርዳታው በሙሉ የተማሪው ነው፤ ካላለፈ ግን በፈጸመው መጠን ብቻ ይታሰብለታል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይበጃል። 110 ቀናት ባሉት ሴሚስተር በ33ኛው ቀን ያቋረጠ ተማሪ 30 በመቶውን ፈጽሟል። ፔል ግራንት ከተባለው የማይመለስ ርዳታ 3,000፣ ከብድር 2,000፣ በድምሩ 5,000 ዶላር ተከፍሎለት ከነበረ የሚገባው 1,500 ዶላር ነው፤ 3,500 ዶላር ይተርፋል። ዩኒቨርሲቲው ለትምህርትና ለመኖሪያ ያስከፈለው 4,000 ዶላር ቢሆን፣ የዚህን 70 በመቶ፣ ማለትም 2,800 ዶላር፣ በ45 ቀናት ውስጥ ይመልሳል፤ በቅድሚያም ብድሩ ይከፈላል። የቀረው 700 ዶላር የተማሪው ድርሻ ቢሆንም፣ ሕጉ የማይመለሰውን ርዳታ ግማሽ ስለሚጠብቅለት መንግሥት ከእርሱ ምንም አይጠይቅም።

እስከዚህ ድረስ ሲታይ ተማሪው በነፃ የተለቀቀ ይመስላል። ችግሩ ያለው በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። የተመለሰው 2,800 ዶላር የተማሪውን ክፍያ ሸፍኖ የነበረ ገንዘብ ነውና፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን ካልቀነሰለት ያው ገንዘብ በተማሪው ስም ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ የሚመልሱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ የመንግሥቱ ስሌት ግን እስከ 60 በመቶ ይዘልቃል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የወጣ ተማሪ ከሁለቱም ወገን ይጎዳል፤ ርዳታው የሚሰጠው ለችግረኛ በመሆኑም፣ ጉዳቱ የሚወድቀው ክፍተቱን ለመሙላት አቅም በሌለው ቤተሰብ ላይ ነው። ሕጉ የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ለመጠበቅ ታስቦ የወጣ እንደ መሆኑ፣ ይህን ዕዳ አላየውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለማንም ሳያሳውቅ የጠፋ ተማሪ አለ። የተማሪ መገኘትን የመመዝገብ ግዴታ በሌለበት ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲህ ያለው ተማሪ በሴሚስተሩ አጋማሽ እንደ ወጣ ይቆጠራል፤ ወይም ዩኒቨርሲቲው በትምህርት ሥራ የተሳተፈበትን የመጨረሻ ቀን አጣርቶ ይይዛል። በአንድም ትምህርት ላይ ካልተገኘ ግን ርዳታው በሙሉ ይመለሳል።

ከቀድሞ ሴሚስተሮች የቆየ ብድር ካለ፣ ተማሪው ካቋረጠ ከስድስት ወር በኋላ መክፈል ይጀምራል። የተጣሉት ኮርሶች እንደ ተወሰዱ እንጂ እንደ ተጠናቀቁ ስለማይቆጠሩም፣ ተመልሶ ሲመጣ የትምህርት ዕድገት መመዘኛውን አላሟላህም ተብሎ ርዳታ ሊከለከል ይችላል። ከኮርሶቹ አንዱን ብቻ ጥሎ በሌሎቹ የቀጠለ ከቀን ስሌቱ ውጭ ነው፤ ይህ መመዘኛ ግን እርሱንም ይነካዋል።

ስለዚህ ምክር የሚጠይቅ ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ወደ ሁለት ቢሮዎች መላክ ይኖርበታል፤ የርዳታ ክፍሉ የመንግሥቱን ስሌት ሲነግረው፣ የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ያዥ ደግሞ የሚቀርበትን ዕዳ ያሳየዋል።