ባለ ምላጩ ዓሣ ቦምቤ ላይ ይኖራል?

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ማዕበሉ የኮራል ድንጋዩን በሚመታበት ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ሶሃል የሚባል ዓሣ አለ። ሰማያዊና ነጣ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ከራሱ እስከ ጅራቱ ተዘርግተውበታል፤ በጅራቱ ሥር፣ በግራም በቀኝም፣ ዙሪያው ብርቱካናማ የሆነ ስለታም ምላጭ አለው። እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ከ80 በላይ ዝርያዎች ያሉት የሰርጅን ዓሣ ቤተሰብ ስሙን ያገኘው ከዚህ ምላጭ ነው። ሶሃልን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔር ፎርስኮል የመን ውስጥ ሞቶ ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ዛሬ ይህን ዓሣ ወላይታ ውስጥ፣ ቦምቤ ላይ ተቀምጦ በስልክ ማየት ይቻላል፤ ያየ ሰው እቤቱ ሊያኖረው ቢመኝ አይፈረድበትም። ምኞቱ ምን እንደሚጠይቅ ግን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ከጨው እንጀምር። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። 500 ሊትር ለሚይዝ የመስታወት ገንዳ በ35 ግራም ሒሳብ 17.5 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የአፍዴራን ጨው ከገበያ መግዛት ነው። አይሆንም። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዢየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ ከዚያም ሰልፌት፣ ፖታሲየምና ፒኤቹን 8.2 አካባቢ የሚያጸናው ባይካርቦኔት አለው። ስለዚህ ለባሕር ዓሣ ተብሎ የተቀመመ ጨው መግዛት ግድ ነው። ያውም አንድ ጊዜ ተገዝቶ አያበቃም። በየሳምንቱ የውሃውን አንድ አሥረኛ መቀየር የተለመደ በመሆኑ 1.75 ኪሎ ጨው በሳምንት፣ 91 ኪሎ ደግሞ በዓመት ይሄዳል። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው ስላልሆነ በትነት የጎደለው የሚሞላው በጨው አልባ ውሃ ነው። ለዚህ የክረምቱ ዝናብ መልካም ነበር፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመው ግን ዚንክ ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ለሚኖሩ ኮራልና ቀንድ አውጣ መርዝ ነው።

ጨው በገንዘብ ይገኛል እንበል። ከዚያ የሚብሰው አየር ነው፤ ደጋ ላይ የሚኖር ሰውም ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ጨው አልባ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ጨው ሲገባበት ወደ 6.7 ይወርዳል። አሁን ውሃውን ወደ ላይ እናውጣው። ለስሌት 2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለችውን ወላይታ ሶዶን እንውሰድ፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ያው ጨዋማ ውሃ ከ5.3 ሚሊ ግራም ብዙም አያልፍም። ሶሃል የለመደው ማዕበል ሌትና ቀን የሚያናውጠውን፣ ኦክስጅን የጠገበ ውሃ ነው። ያም 5.3 ለዓሣው ብቻ አይደለም፤ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ከዚያው ይተነፍሳሉ፤ ሌሊት አልጌውም ይሻማል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም የውሃው ፊት መናወጡን ያቆማል፣ አዲስ ኦክስጅን የሚገባበት መንገድ ይጠባል፣ የነበረው ግን ማለቁን ይቀጥላል። በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው መብራት እስኪመጣ ጥቂት ሰዓታት ይታገሥ ይሆናል፤ ደጋ ላይ ያ ፋታ ያጥራል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይኖር ዓሣ መግዛት በእንስሳው ላይ መፍረድ ነው።

የዓሣው ጠባይም አለ። ሰርጅን ዓሣ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየጋጠ የሚውል ነው።  አንጀቱ ቀኑን ሙሉ ለሚገባ አልጌ የተሠራ ስለሆነ በቀን አንዴ እንክብል መኖ የሚበተንለት ሰርጅን ዓሣ ይከሳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። የደረቀ የባሕር አረም ያስፈልገዋል፤ ሰላጣ ቢጨመር እንጂ አይተካውም። ሶሃል ደግሞ ግዛቱን ከሌላ ዓሣ በምላጩ የሚከላከል ኃይለኛ ነው። ያሰላነው 500 ሊትር ራሱ ለአዋቂ ሶሃል ጠባብ ነው፤ ሲጠብበት ሌሎቹን ያቆስላል፤ በመረብ ሊይዘው የሞከረ እጅም አይተርፍም። በጭንቀት የተዳከመውን ክሪፕቶካሪዮን የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ቶሎ ይይዘዋል፤ ሰውነቱ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጭ በነጭ ይሆናል። ጥገኛው አሸዋ ውስጥ ስለሚፈለፈል ዓሣውን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ገንዳው ያለ ዓሣ ከሁለት ወር በላይ መቆየት አለበት።

በገንዘብ፣ በባትሪና በትዕግሥት ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቢነሣ አልከራከረውም። ያኔም ከባሕር የተያዘውን ትቶ በሰው እጅ የተፈለፈለውን ይፈልግ፤ ቢጫው የሃዋይ ሰርጅን ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዚህ መንገድ ተራብቷል። ለቦምቤ ግን መልሴ አይሆንም ነው። የአባያ ሐይቅ ቀረሶ ጨው አይጠይቅም፣ እንደ ሶሃል ያለ ዓሣ የሚሞትበትን የኦክስጅን እጥረት ለጊዜው ይችላል፣ አልጌም ይበላል። ከእንሰቱ ጀርባ ኩሬ ቆፍራችሁ ቀረሶ ልቀቁ፤ ወንዱንና ሴቱን አደባልቃችሁ ከለቀቃችሁ ቶሎ ተባዝተው ኩሬውን ስለሚሞሉትና ቀንጭረው ስለሚቀሩ ግን መጀመሪያ የወረዳችሁን የእንስሳትና ዓሣ ባለሙያ አማክሩ።