ቀይ ባሕር፦ ከደፉ እስከ ጥልቁ

ቀይ ባሕርና የዓደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበት ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርከበኛ የሚያውቀው ይህን በር ነው። የባሕሩን ጠባይ የሚወስነው ግን ከበሩ አለፍ ብሎ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አቅራቢያ፣ ውኃው የሸፈነው ነገር ነው። እዚያ የባሕሩ ወለል ሽቅብ ይወጣና ከውኃው ገጽ 137 ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ መካከለኛው ሸለቆ አንዳንድ ቦታ ላይ 3,000 ሜትር ለመድረስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ባሕሩ ደፍ አለው ማለት ነው። የስዊዝ ቦይ የሚያስተላልፈው ውኃ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ባሕር ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው በዚህ ደፍ በኩል ብቻ ነው። ጨውነቱን፣ ሙቀቱንም ሆነ በውስጡ ያለውን ሕይወት ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል።

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አንድም አይገባበትም። ዝናቡም ጥቂት ነው። በአንጻሩ ፀሐይና ነፋስ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ውኃ ያተኑበታል። የጎደለውን የሚሞላው ከዓደን በኩል የሚገባው ውኃ ነው። ይህ ውኃ ደፉን ሲሻገር በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ጨው ከ36 እስከ 37 ግራም ነው፤ የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ 35 ግራም ነውና ከዚያ ብዙም አይርቅም። ወደ ሰሜን ሲጓዝ እየተነነ፣ ጨውነቱ እየበረታ፣ ወደ ሰሜኖቹ የስዊዝና የዐቃባ ባሕረ ሰላጤዎች ሲቃረብ 40 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በብርድ ወራት ደግሞ ይህ ጨዋማ ውኃ ይቀዘቅዝና ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከዚያ በጥልቁ በኩል ወደ ደቡብ ተመልሶ፣ ደፉን ተሻግሮ ይወጣል። ከላይ የሚገባ፣ ከታች የሚወጣ፤ በብርድ ወራት ሥርዓቱ ይህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ግን የላዩ ውኃ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የታችኛው በጥቂቱ መውጣቱን ይቀጥላል፣ በሁለቱ መካከል ከዓደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛና ለሕይወት የሚሆን ማዕድን የበዛበት ውኃ ይገባል። የደቡቡ ክፍል በዓሣም በፕላንክተንም ከሰሜኑ የሚበልጠው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የጨው መጠን ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ጨውን የሚሠሩት ነገሮች እርስ በርስ ያላቸው ድርሻ ግን አይለወጥም ለማለት ይቻላል። ይህን ሐሳብ አሌክሳንደር ማርሴት በ1819 አቀረበ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያጠናከረው ደግሞ ኬሚስቱ ዊሊያም ዲትማር ነው። የእንግሊዝ መርከብ ቻሌንጀር ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ የሰበሰበችውን 77 የውኃ ናሙና መርምሮ ውጤቱን በ1884 አሳተመ። ከመቶ ግራም የባሕር ጨው 55 ግራሙ ክሎራይድ፣ ወደ 31 የሚጠጋው ሶዲየም፣ ወደ 8 የሚጠጋው ሰልፌት፣ 4 ግራም ያህሉ ማግኒዚየም ነው፤ ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው ከአንድ ግራም ጥቂት ከፍ ይላሉ። ውቅያኖሶች በሺህ ዓመታት ውስጥ ስለሚደባለቁና እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከዚያ እጅግ የረዘመ ዕድሜ በውኃው ውስጥ ስለሚቆዩ፣ አንዱን ለክቶ የሌሎቹን መጠን ማወቅ ይቻላል።

ይህን ቅንብር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ቦታ አለው። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የዳናክል ረባዳ ምድር የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ገብቶበት እንደነበር በረባዳው ዳር የቆሙት ኮራሎች ይመሰክራሉ፤ ቅርንጫፋቸውና ጉብታቸው ሳይፈርስ ደረቅ ምድር ላይ ይታያሉ። ባሕሩ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ውኃ ተነነ። የባሕር ውኃ ሲተን ደግሞ ጨዎቹ የሚረጉት በተራ ነው። መጀመሪያ ኖራው፣ ቀጥሎ ጀሶው፣ ውኃው ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ የምግብ ጨው፣ በመጨረሻ ለመርጋት የሚያስቸግሩት የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች። በዳናክልም ጀሶው ከኮራሎቹ አጠገብ በዳርቻው ይገኛል፤ መካከሉ ነጭ የጨው ሜዳ ነው፤ ጣልያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማውጣት የጀመሩት ፖታሽ ከዳሎል አካባቢ ነው። በደጋው ገበያ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌም መነሻው የባሕር ውኃ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ይህን ቢያሳይ ተማሪው የሚረሳው አይመስለኝም።

ወደ ውኃው እንመለስ። የባሕር አጥኚዎች ውቅያኖስን በጥልቀቱ ይከፍሉታል። እስከ 200 ሜትር ብርሃን የሚደርስበት ክፍል ነው፤ ከዚያ እስከ 1,000 ሜትር ደብዛዛው፣ ከዚያ በታች እስከ 4,000 ሜትር ፍጹም ጨለማው። ከእነዚህ በታች ያሉት ሁለት ክፍሎች ቀይ ባሕርን አይመለከቱም፤ አይደርስባቸውምና። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች ገደማ አብዛኛው ይዋጣል፤ ሰማያዊው ሩቅ ይሄዳል። እጅግ የሚበዛው የባሕር ሕይወት የሚመገበው በዚህ ብርሃን በሚደርስበት ስስ ክፍል በሚመረተው ነው። እዚህ ከሚኖሩት ደቂቃን አንዱ ትራይኮዴስሚየም ነው፤ የአየርን ናይትሮጅን ወደ ምግብነት መቀየር ይችላል፣ ሲበዛም ውኃውን ወደ ቀይ ቡናማ ይለውጠዋል። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኤረንበርግ በ1823 በሲና ቱር ወደብ ያስተዋለው ይህን ነበር። 

በደብዛዛው ክፍል ትናንሽ ዓሦች ቀን ቀን ከአዳኝ ተደብቀው ይውላሉ፤ ሲመሽ ለመብላት ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሳይነጋ ይመለሳሉ። ይህ በየትኛውም ውቅያኖስ አለ። ቀይ ባሕርን የሚለየው የታችኛው ሙቀት ነው። በሌሎች ውቅያኖሶች 2,000 ሜትር የወረደ ቴርሞሜትር 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ያሳያል። በቀይ ባሕር ግን ከ200 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ወለሉ 21.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዋልታ የሚመጣው ቀዝቃዛ የጥልቅ ውኃ ደፉን መሻገር አይችልም። ውጤቱ ለእንስሳቱ ከባድ ነው። ከላይ የሚወርደው የሞተ ነገር ሙቀት ባፋጠናቸው ባክቴሪያዎች መንገድ ላይ ይበላል፤ ወደ ወለሉ የሚደርሰው ትራፊ ነው። በሌላ በኩል በሙቀት የሚኖር እንስሳ ብዙ ምግብ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥልቁ በሕይወት ድሃ ነው። በፓስፊክ ጥልቅ ቅዝቃዜና ግፊት የሚያሟሙት የተንሳፋፊ ደቂቃን የኖራ ቅርፊት ግን እዚህ እስከ ወለሉ ሳይሟሟ ይደርሳል።

በወለሉ ጉድጓዶች ውስጥም ሌላ ውኃ አለ። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች በሳዑዲና በሱዳን መካከል፣ 2,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ከባሕር ውኃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ የጋለ ውኃ ተኝቶ አገኙ። አትላንቲስ 2 በተባለው ጉድጓድ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ምድር በምትሰነጠቅበት በዚህ ሸለቆ ውኃው በጥንት የጨው ንጣፍና በጋለ አለት ውስጥ አልፎ ሲወጣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ ደለሉም በእነዚህ የበለጸገ ነው። ሁለቱ አገሮች ሀብቱን በጋራ ለማልማት በ1974 ተስማሙ፤ ይሁንና እስካሁን ለገበያ የዋለ ማዕድን የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚይዘው የኮራሎቹ ጉዳይ ነው። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ብዙ ውኃ በበረዶ ታስሮ በነበረ ጊዜ፣ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ያን ጊዜ በደፉ ላይ የቀረው ውኃ እጅግ ስስ ነበር፤ የቀይ ባሕር ጨውነት ከ50 ግራም አለፈ፤ በአብዛኛው ክፍል ተንሳፋፊዎቹ ባለ ኖራ ቅርፊት ደቂቃን ጠፉ። በሩ እንደገና ሲሰፋ ከህንድ ውቅያኖስ የመጡት ኮራሎች ወደ ሰሜን ለመድረስ ሞቃቱን ደቡብ ማለፍ ነበረባቸው። የእስራኤሉ ተመራማሪ ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 እንዳቀረቡት፣ ዐቃባ ባሕረ ሰላጤ የደረሱት ሙቀት የሚችሉት ብቻ ናቸው፤ ለዚህም ነው ከለመዱት የበጋ ሙቀት በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሲገጥማቸው በሙከራ ወቅት የማይነጡት። ሌላ ቦታ አንድ ሁለት ዲግሪ ሲጨምር ኮራሉ በሰውነቱ ውስጥ የሚመግቡትን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል፤ ከቆየም ይሞታል።

ሙቀት መቻል ግን ሁሉን መቻል አይደለም። ውቅያኖሶች ሰው ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይውጣሉ፤ በዚህም የውኃው አሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 8.2 አካባቢ ወደ 8.1 ወርዷል፤ ኖራ የሚገነቡ ብዙ ፍጡራን ሥራቸው ይከብዳቸዋል። የሰሜኑ ኮራል ደግሞ የለመደው ማዕድን ያነሰበትን ጥርት ያለ ውኃ ነው። ፍሳሽ ወይም ማዳበሪያ ሲገባበት አልጌ ይፈላና ያፍነዋል። በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ካለችው የእስራኤል ከተማ ኤላት ፊት ለፊት የነበሩት የዓሣ ማርቢያ መረቦች ለዓመታት ካከራከሩ በኋላ በመንግሥት ውሳኔ በ2008 ከባሕሩ እንዲነሱ የተደረገው ከዓሦቹ መኖና ኩስ የሚወጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወደ ኮራሎቹ ይደርሳል በሚል ስጋት ነው።