የሳይክል ወረቀት አልጽፍም

ሰርጓ የደረሰ የ24 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ የሄደችበት ቀን እስካሁን ይከነክነኛል። አልታመመችም። ቅዳሜና እሑድ ከሴት ጓደኞቿ ጋር ሳይክል እንደምትነዳ የእጮኛዋ ቤተሰብ ሰምቶ ኖሯል። እናትየው ከእኔ የፈለጉት «ምንም አልሆነችም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። «ሳይክሉን ትታዋለች ዶክተር፣ እርስዎ ብቻ ይጻፉልን» አሉኝ። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። አልጻፍኩም። ሌላ ቦታ ሄደው አጽፈው ይሆናል፤ የሚጽፍ አይጠፋም።

የማህፀን ሐኪም የሆነ ሁሉ «ሳይክል ድንግልና ያጠፋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። እኔን የሰለቸኝ መልሱን ደጋግሜ መናገሩ ሳይሆን፣ የተማረ ሰው ጭምር ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሱስ ነው፣ ግን ለማንኛውም...» ብሎ ወደነበረበት መመለሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ይሁን።

ድንግልናን የሚያሳይ ምርመራ የለም። ሰው የሚፈራለት ስስ ሽፋን እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ የተዘጋ ነገር አይደለም። ከተፈጥሮው ክፍተት አለው፤ ባይኖረው የወር አበባ በየት ይወጣል? ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል፣ ይለጠጣል። በመጀመሪያ ግንኙነት የማይደሙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ዓይቶ የሚፈርድ ሐኪም ካለ የሚፈርደው በግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ሦስት የተባበሩት መንግሥታት አካላት ይህ ምርመራ በየትኛውም አገር እንዲቀር በአንድነት የጠየቁት ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለውና ሴቲቱን ስለሚጎዳ ነው።

ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደቱ በዋናነት የሚያርፈው በመቀመጫ አጥንቶቹ ላይ ነው። ወድቃ ብረቱ ላይ ያረፈች ሴት ልትቆስል ትችላለች፤ ያ እንደማንኛውም አደጋ ይታከማል እንጂ ለሽማግሌ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። «መሃን ያደርጋል» ለሚሉትም፦ መውለድ ተስኗቸው ከሚመጡት ብዙዎቹ ላይ የማገኘው በኢንፌክሽን የተዘጋ ቱቦ፣ የእንቁላል አለመውጣት ወይም የባልየው ዘር ችግር ነው። ባልየውን አስመርምሩ ስል ደግሞ ክፍሉ ጭር ይላል።

የሚገርመው፣ ኮርቻ ብልት ላይ ስለሚያደርሰው ችግር ከተካሄዱት ጥናቶች ስማቸው የሚነሳው በወንዶች ላይ የተደረጉት ናቸው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም በሳይክል የሚዘዋወሩ ወንድ ፖሊሶችን አጥንቶ፣ ጠባቡ የኮርቻ አፍንጫ ነርቭና የደም ሥር እየተጫነ እንደሚያደነዝዝ አሳይቷል። አፍንጫ የሌለው ኮርቻ እንዲጠቀሙም መክሯል። ታዲያ ወንድ ልጁን እየጎተተ «ሳይክል ይነዳል፣ ወረቀት ጻፉለት» ያለ አባት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ደግሞስ ኮርቻ ለእኛ ሴቶች መቼ እንግዳ ሆነ? አያቶቻችን ሙሽራ ሆነው ወደ ባላቸው ቤት የሄዱት በበቅሎ ነው፤ ያውም አቀበት ቁልቁለቱን ሲናጡ። በቅሎዋን የጠረጠረ አማት አልተሰማም። ባሕር ዳር ብትሄዱ ሴቶች በሳይክል ሥራ ሲገቡ፣ ገበያ ሲሄዱ ታያላችሁ፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። አዲስ አበባ ላይ ያችው ሴት ብትነዳ ግን «ወንድ ነሽ እንዴ?» ይላታል አንዱ፤ ሌላው «ቤትሽ ሥራ የለም?»፤ ባለሚኒባሱ ጥሩምባውን ጆሮዋ ሥር ይለቅባታል። አካሏ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም አንድ ነው፤ የሚለየው ዓይናችን ነው። በከተማዋ የኮሪደር ልማት የሳይክል መስመር ተሠርቷል፣ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በመኪና አልባው እሑድ ልጃገረዶች ሲነዱ አይተን ደስ ብሎናል። ሰኞ ግን ያው ነው። የእኔን ፍርሃት ከጠየቃችሁኝ ከኮርቻው ይልቅ ሚኒባሱን እፈራለሁ።

መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው፤ የሚጠይቀኝ አጣሁ እንጂ። ብዙዋ ጀማሪ የምትነዳው ከወንድሟ የተዋሰችውን ነው። ኮርቻው ለእሱ ቁመት የተሰቀለ፣ ጠባብ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆዳዋ ተልጦ፣ ደንዝዞ ትመጣለች፤ ለእናቷ መንገር ፈርታ ሰንብታ። መድኃኒቱ ሳይክል ሠሪው እጅ ያለው ቁልፍ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ በጥቂቱ እጥፍ እንዲል ኮርቻው ይስተካከል፣ አፍንጫው ሜዳ ይሁን፣ ከተገኘ ሰፋ ባለ ይቀየር። ከደነዘዛት ትውረድ። ለነፍሰ ጡሮች እንቅስቃሴው ጠቃሚ ነው፤ ሆድ ሲገፋ ግን ሚዛን ስለሚቀየር መውደቁን እፈራለሁ፣ ከቦታው የማይንቀሳቀሰውን የጂም ሳይክል እመክራለሁ። የሴቶች ቡድን የምታሠለጥኑ፣ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፤ አፍራ የምትተወው ልጅ ብዙ ናት።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። «ቤተሰቡ ይረጋጋ ብዬ ነው» እያላችሁ ያንን ወረቀት አትጻፉ። እኛ በጻፍነው ቁጥር የሚቀጥለው ቤተሰብም ይጠይቃል።