የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆድን ሲረብሽ

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ገንዘብ ሲያጥረው ወይም የዳነ ሲመስለው ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ምክንያቱ ሆድ ነው። ክኒኑ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ያሰለቻል፤ የሰለቸውም ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር መድኃኒቱን ይተዋል።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ በአግባቡ ቢታከሙም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሣባቸው መኖር ይችላሉ። ይህ ግን መድኃኒቱ ሳይቆራረጥ ሲወሰድ ነው። በተለይ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ፣ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስና ለሕይወት የሚያሰጋ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ለመሆኑ የአንጎል መድኃኒት ሆድን የሚረብሸው ለምንድን ነው? አንዳንዱ መድኃኒት የጨጓራን ግድግዳ በቀጥታ ይቆጠቁጣል፤ ሌላው ደግሞ ከደም ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በአንጎል ውስጥ የማስመለስ ስሜትን የሚቆጣጠረውን ክፍል ይቀሰቅሳል። ቫልፕሮኤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መሠረቱ የሆነው ቫልፕሮይክ አሲድ በ1882 እ.ኤ.አ. ሲሠራ መድኃኒት አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ለማሟሟት ብቻ ያገለግል ነበር። የሚጥል በሽታን እንደሚገታ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲሟሟ ስለሚቆጠቁጥ፣ ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ የሚሟሟ ልባስ ያለው ክኒን ተዘጋጅቶለታል። እንዲህ ያለውን ክኒን መሰባበር ወይም ማኘክ ልባሱን ከንቱ ያደርገዋል።

ሌሎቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ካርባማዜፒን በተለይ ሲጀመር ወይም መጠኑ በፍጥነት ሲጨምር ያቅለሸልሻል። ኢቶሰክሲማይድ የሆድ ቁርጠትና ስቅታ ሊያመጣ ይችላል። ቶፒራሜት የምግብ ፍላጎትን ሲቀንስ፣ ቫልፕሮኤት በአንጻሩ ክብደት ሊጨምር ይችላል። ፌኒቶይን ደግሞ ድድን ያሳብጣል።

ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ መፍትሔ አላቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ሊጨምር፣ በዝግታ በሚሟሟ ዓይነት ሊተካ ወይም ጨርሶ ሊለውጠው ይችላል። ብዙዎቹ ክኒኖች ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሆድን ያን ያህል አይረብሹም። የሚጾም ሰው ግን ሰዓቱን በራሱ ፈቃድ ማዛወር የለበትም፤ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። ለቃር የሚወሰዱ የአሲድ ማርከሻዎችም ፌኒቶይንና ጋባፔንቲን ወደ ሰውነት በሚገባ እንዳይሠርጹ ስለሚያደርጉ፣ አብሮ ከመዋጥ በፊት ፋርማሲስት መጠየቅ ይገባል። ክኒኑ እንደተዋጠ ያስመለሰ ሰውም ሌላ ከመድገሙ በፊት ባለሙያ ይጠይቅ።

ጥቂት ምልክቶች ግን ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቁም። ቫልፕሮኤት አልፎ አልፎ ጉበትን ወይም ቆሽትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የጉበት ጉዳቱ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሰጋውም ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ኃይለኛ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ ያልተለመደ ድብታ ወይም ጠፍቶ የነበረው ሕመም መመለስ ከታየ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በባዕድ አገር ሐኪም ፊት «ደኅና ነኝ» ብሎ መውጣት ይቀላል። ሕመሙን መደበቅ በለመደ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ስለ ሆዱ ማውራትም ሊያሳፍረው ይችላል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ያልተነገረውን ሊያስተካክል አይችልም። ሕመሙ ክኒኑ ከተዋጠ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደመጣ፣ በባዶ ሆድ ይሁን ከምግብ በኋላ፣ በአጭሩ ጽፎ መያዝ ይበጃል። የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ አንዱ መድኃኒት ከአገር አገር በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣልና። ቋንቋ ከገደበ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል፤ የሚለወጠው ግን በሐኪም ምክር፣ ደረጃ በደረጃ ነው።